ለክረምት ምን ያንብቡ? ከኮምቦልቻ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው። በኮምቦልቻ የሚኖሩ አንዲት እናት 7ኛ ክፍልን ያጠናቀቀች ሴት ልጅና ከ6ኛ ወደ 7ኛ ክፍል የተዛወረ ወንድ ልጅ አሏቸው። ባለፈው ክረምት ለሴት ልጃቸው «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ገዝተውላት ሃያ ገጽ ያህል አንብባ ተወችው፤ ወንዱ ደግሞ የተሰጠውን መጽሐፍ ሁሉ «ጨርሻለሁ» ይላል እንጂ ስለምን እንደሚያወራ ሲጠየቅ መልስ የለውም። አንድ መምህር «ልብ ወለዱን ይተዉት፤ ለ8ኛ ክፍል ፈተና የሚረዳ አጋዥ መጽሐፍ ይግዙላት» ብለዋቸዋል። ልጆቹ ነሐሴን አምባሰል፣ አያታቸው ዘንድ ያሳልፋሉ፤ ለመጽሐፍ የተመደበው ገንዘብም ብዙ አይደለም። «ምን ልግዛ? በእንግሊዝኛስ ምን ያንብቡ?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

እኅቴ፣ ደሴ ውስጥ አማርኛ እያስተማርሁ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍትም ይዤ ለብዙ ዓመታት ስለ ሠራሁ፣ ሰኔ በገባ ቁጥር ይህን ጥያቄ ከወላጆች እሰማለሁ፤ ብዙውን ጊዜም ከእኔ የሚጠበቀው የመጻሕፍት ዝርዝር ነው። ዝርዝር መስጠት አይከብድም። ሆኖም እርስዎ የገለጹልኝ ሁለት ልጆች ያለባቸው ችግር የተለያየ ስለሆነ አንድ ዝርዝር ለሁለቱም አይበጅም፤ ልጅቱን ያቆማት የመጽሐፉ ክብደት ይመስለኛል፣ ልጁን ግን የያዘው የንባብ ችሎታው ራሱ ሳይሆን አይቀርም። ስለዚህ የመጽሐፍ ስም ከመጥራቴ በፊት ልጆቹ የት እንደ ቆሙ ቤትዎ ውስጥ እንዴት እንደሚለኩ ልንገርዎ፤ ያ ከታወቀ ግዢው ቀላል ነው።

በቅድሚያ ስለ ተተወው መጽሐፍ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ከ500 ገጽ በላይ ያለው ሲሆን፣ ደራሲው ታሪኩን የሚጀምሩት ከባለታሪኩ ከበዛብህ ወላጆች ነው። ሃያኛው ገጽ ላይ ያቆመች ልጅ ፍቅረኛውን ሰብለ ወንጌልን ገና አላየቻትም፤ ሰዎች ስለ መጽሐፉ ሲያወሩ የሰማችው ፍቅር የታለ ብላ ብትጠብቅ ያገኘችው የጎጃም ባላገር ኑሮ ነው፣ እርሱም የባላባቱንና የጭሰኛውን ሥርዓት ላልሰማ ልጅ ብዙ ማብራሪያ የሚፈልግ ነው። ይህን መተዋን እንደ ስንፍና አይቁጠሩባት። መጽሐፉንም አይሽጡት። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ዝግጅት የተረከው ቅጂ ዛሬ በስልክ ይደመጣልና፣ ማታ ማታ አንድ አንድ ክፍል ከእርስዎ ጋር ብትሰማ፣ ቃላቱና ገጸ ባሕርያቱ በጆሮዋ ገብተው ይቆያሉ። የእኔ ዕድሜ ሰው ብዙው ያንን መጽሐፍ መጀመሪያ ያወቀው በዓይኑ ሳይሆን በጆሮው ነው፤ ማንም በዚህ አላፈረም። 10ኛ ክፍል ስትደርስ ራሷ ከመደርደሪያው ታወርደዋለች።

አሁን ወደ መለኪያው። ሁለቱንም ልጆች ለየብቻ ጠርተው፣ ያላዩትን አንድ ገጽ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እንዲያነቡልዎ ያድርጉ። የሚያዳምጡት ፍጥነታቸውን አይደለም። የሚያዳምጡት ማጥበቅና ማላላታቸውን ነው። የእኛ ፊደል የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ ለይቶ አይጽፍም፤ «ገና» የሚለው ቃል ሲላላ ጊዜ የሚያመለክት ሲሆን ሲጠብቅ በዓሉ ነው፣ «ዋና» ሲላላ ውኃ ውስጥ የሚደረገው ሲሆን ሲጠብቅ ከሁሉ በላይ የሆነው ነገር ነው፣ «አለ» ሲላላ ተናገረ ማለት ሲሆን ሲጠብቅ መኖሩን ይናገራል። አንባቢው የትኛው እንደ ሆነ የሚያውቀው ከዐረፍተ ነገሩ ትርጉም ብቻ ነው። ስለዚህ አጥብቆ ማንበብ ያለበትን አላልቶ ያነበበና ሳይመለስ ያለፈ ልጅ፣ ፊደሉን ያያል እንጂ ነገሩን እየተከተለ አይደለም።

አንድ ጊዜ የ7ኛ ክፍል ተማሪ «ሰፊው ሰፊ ሱቁን ዘጋ» የሚል ዐረፍተ ነገር አነበበልኝ። ሁለቱንም «ሰፊ» አጥብቆ፣ ድምፁ ሳይደናቀፍ፣ እንደ ውኃ አንቆረቆረው። አንባቢ ነው ብዬ ላልፈው ነበር። «ሱቁን ማን ዘጋው?» ብዬ ብጠይቀው ዝም ብሎ አየኝ፤ ልብስ ሰፊ እንዳለ አልታየውም። እንዲህ ያለ ልጅ ከፊደል ጋር ተስማምቷል፣ ከታሪክ ጋር ግን አልተዋወቀም፤ «ጨርሻለሁ» ሲልም አልዋሸም፣ ዓይኑ እስከ መጨረሻው ገጽ ደርሷል። የእርስዎ ልጅ ይህ ዓይነት ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። ሲያነብልዎ «ገና» እና «አለ» ላይ እየተሳሳተ ከሄደ፣ የሚገዛለት መጽሐፍ ከክፍሉ ሁለት ደረጃ ዝቅ ያለ መሆን አለበት፤ ተሳስቶ ወዲያው ራሱን ካረመ ግን ምልክቱ መልካም ነው፣ ትርጉም እየፈለገ ነውና።

ሁለተኛው መለኪያ የቃላት ነው። በእንግሊዝኛ ንባብ ላይ የተሠሩ ጥናቶች አንድ አንባቢ ያለ ረዳት ተደስቶ ለማንበብ ከ100 ቃላት 98ቱን ያህል ማወቅ እንደሚገባው ያመለክታሉ። ቁጥሩ ለአማርኛ እንዳለ አይወሰድም፤ የእኛ አንድ ቃል «እንዳላስፈለጋቸው» ብሎ ዐረፍተ ነገር የሚያህል ሐሳብ ሊሸከም ስለሚችል፣ የሚቆጠረው ርዝመቱ ሳይሆን ሥሩ መታወቁ ነው። ለአቅጣጫ ግን ይበቃል። 200 ቃላት ያህል ባለው ገጽ ላይ ልጅዎ ከአራት በላይ የማታውቃቸው ቃላት ካሉ፣ ያ መጽሐፍ አብሯት የሚያነብላት ሰው ይፈልጋል፤ ለብቻዋ፣ ዝናብ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ መስኮት ስር ቁጭ ብላ የምታነበው አይደለም። በቤታቸው ኦሮምኛ ወይም አርጎብኛ ለሚናገሩ ልጆች፣ ከኬሚሴ አካባቢ ወደ እኛ እንደሚመጡት፣ ይህ ቆጠራ የበለጠ ያስፈልጋል።

ይህን ካደረጉ በኋላ መጽሐፍ ፍለጋ ሲወጡ አንድ ነገር ያስተውላሉ። በአማርኛ ለሕፃናት የተዘጋጁ ባለ ሥዕል መጻሕፍት አሉ፣ ለአዋቂ የተጻፉ ልብ ወለዶችም ሞልተዋል፤ ለ12፣ ለ13 እና ለ14 ዓመት ልጅ ተብሎ የተጻፈው ግን እጅግ ጥቂት ነው። ወላጅ «ታላቅ መጽሐፍ» ወደሚባለው የሚዘልለው በዚህ ምክንያት ነው፤ በመካከል የሚረገጥ ድንጋይ ስለሌለ። መካከሉን እኛው መሙላት አለብን፤ እኔ የምሞላው በተረት ስብስቦች፣ በአጫጭር ታሪኮች፣ በእውነተኛ ታሪክና በሳይንስ፣ እንዲሁም በጥንቃቄ በተመረጡ ትርጉሞች ነው።

ለሴት ልጅዎ የመጀመሪያው መጽሐፍ የዚያው የሐዲስ ዓለማየሁ «ተረት ተረት የመሠረት» ቢሆን እመርጣለሁ። ተረቶቹ አጭር አጭር ስለሆኑ በአንድ ቁጭታ ይጨረሳሉ፣ ያስፈራት ደራሲም ስሙ ከሌላ መጽሐፍ ጋር ተያይዞ ሲመጣ ይለመዳል። «ተረት ለሕፃን ነው» ብላ ፊቷን ብታዞር አይገረሙ፤ በዚህ ዕድሜ ከሕፃንነት መራቅ የሚፈልጉ ልጆች ናቸው። እንግዲያውስ «አንቺ አንብቢና ለወንድምሽ ንገሪው» ይበሏት፣ ያኔ ተረቱ የእርሷ ሳይሆን የእርሱ ይሆናል። ሁለተኛው፣ ችሎታዋ ከፈቀደ፣ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ልብ ወለድ ነው፤ በ1900 ዓ.ም. ሮም የታተመው፣ ዛሬ «ጦቢያ» በሚል የሚታወቀው። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ተብሎ የሚቆጠር ቢሆንም ቀጭን ነው፤ ወንድ መስላ ለብሳ ከአባቷ ጋር የጠፋ ወንድሟን ፍለጋ የምትወጣ ልጃገረድ ስላለችበት ደግሞ በዚህ ዕድሜ ላለች ሴት ልጅ ልብ ይስባል። ሁለት ነገር ግን አስቀድሜ ልንገርዎ። አማርኛው የቆየ በመሆኑ የመጀመሪያዎቹን አሥር ገጾች አብረዋት ቢያነቡ ይሻላል። ሌላው፣ ፍጻሜው ላይ ሃይማኖት የመለወጥ ጉዳይ አለ፤ እስላሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቤት ተዛምዶ በሚኖርበት በእኛ አገር ልጅ ይህን ሲያነብ ጥያቄ ይዞ መምጣቱ አይቀርም። መጽሐፉ በተጻፈበት ዘመን ደራሲዎች ስለ ሃይማኖት እንዴት ያስቡ እንደ ነበር ለመነጋገር ጥሩ አጋጣሚ ስለሆነ እንጂ እንዲደበቅ አልመክርም። ቀድመው ራስዎ ያንብቡት።

ለልጁ ግን ረጅም ታሪክ ይቆይ። ለእርሱ የከበደ ሚካኤልን «ታሪክና ምሳሌ» እመርጣለሁ፤ አብዛኞቹ ታሪኮች ከገጽ ወይም ከሁለት ገጽ የማይበልጡ፣ በግጥም የተጻፉ ናቸው። ግጥም ለእንዲህ ያለ አንባቢ ያለውን ጥቅም ብዙ ሰው አያስበውም። ምቱ እንዳይሰበር ቃሉን በትክክል ማጥበቅና ማላላት ስለሚያስፈልግ፣ ልጁ ሲሳሳት ጆሮው ራሱ ያርመዋል፤ እኔ ለማረም የምደክምበትን ምቱ በነፃ ይሠራልኛል። አንድ ግጥም ሦስት ጊዜ ጮክ ብሎ አንብቦ ለአያቱ በቃሉ ቢወጣው፣ መቶ ገጽ በዓይን ከመጥረግ ይበልጥበታል። ወሎ ደግሞ ለግጥም ጆሮው የተከፈተ አገር ነው፤ መንዙማውን፣ የሰርጉን ዘፈን፣ የሼህ ሁሴን ጅብሪልን ትንቢት በስንኝ እየሰማ ያደገ ልጅ ወደ መጽሐፍ ሲመጣ ባዶ እጁን አይመጣም።

ከግጥሙ ጎን አንድ የእውነት መጽሐፍ ይሰጠው፤ ወንዶች ልጆች ብዙ ጊዜ ልብ ወለዱን «ውሸት ነው» ብለው የሚንቁት የእውነቱን ስለሚወዱ ነው። የእውነት መጽሐፍ ስል ከሚኖርበት ቦታ የሚጀምር ማለቴ ነው። ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌ የሚወርደውን መንገድ ያውቀዋል፤ ከዚያ ወዲያ ባለው በረሃ፣ ሐዳር ላይ፣ በ1967 ዓ.ም. የድንቅነሽ አጽም መገኘቱን፣ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል መሆኑን፣ ከአጥንቷ የተገኘው 40 በመቶ ያህሉ ብቻ ሆኖ ሳለ በሁለት እግሯ ትሄድ እንደ ነበር ከጉልበቷና ከዳሌዋ እንዴት እንደ ታወቀ የሚያስረዳ አጭር ጽሑፍ ቢያገኝ፣ «ስለምን ነው የሚያወራው?» ሲባል የሚመልሰው ይኖረዋል። ሐዳር ዛሬ በአፋር ክልል ውስጥ ብትሆንም ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ነበረች፤ ይህን ብቻ ሲሰሙ ዓይናቸው የሚበራ ተማሪዎች አይቻለሁ።

ነሐሴን አምባሰል እንደሚውሉ መጻፍዎ ደግሞ ለእኔ ትልቅ ዕድል ነው። ውጫሌ እዚያው አምባሰል ውስጥ ናት። ልጆቹ ከመኪና መስኮት የሚያዩዋት የመንገድ ዳር ከተማ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል በስሟ የሚጠራባት ናት። የዚያ ውል 17ኛ አንቀጽ አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች የአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት መጠቀም «ይቻላቸዋል» ሲል፣ የጣልያንኛው ቅጂ ግን ግዴታ አደረገው፤ ጠቡም እያደገ ሄዶ በ1888 ዓድዋ ላይ ደረሰ። በአንድ ግሥ ምክንያት እንዲህ ያለ ነገር መምጣቱን የምታነብ የ8ኛ ክፍል ልጅ ሰዋስው ለምን እንደምትማር ማንም ሳይነግራት ታውቃለች። ስለ ውጫሌና ስለ ዓድዋ ከተጻፉት ውስጥ የሚመርጡት ሥዕልና ካርታ ያለበትን፣ ከ150 ገጽ የማይበልጠውን ይሁን፤ የግርጌ ማስታወሻ ገጹን ግማሽ የያዘበትን የምሁራን መጽሐፍ ለሌላ ጊዜ ያቆዩት።

አያታቸውስ? ገንዘብ የማይወጣበት መጽሐፍ እዚያ አለ። ልጅቱ ባዶ ደብተር ይዛ ሄዳ፣ ማታ እሳት ዳር የምትሰማውን አንድ ተረት ወይም አምስት እንቆቅልሽ በነጋታው እንድትጽፈው ያድርጉ፤ የአያቷን ቃል እንዳለ፣ «አስተካክላ» ሳይሆን። ከአንዲት ተማሪዬ ደብተር ላይ አያቷ የተናገሩትን የአምባሰል አማርኛ ወደ ትምህርት ቤት አማርኛ ለውጣ፣ ቀጥሎ ሰርዛ ወደ ነበረበት መልሳ አይቻለሁ፤ ከዳር ላይ በእርሳስ «እማማ እንዲህ አላሉም» ብላ ጽፋለች። ያቺ ልጅ የዚያን ቀን የደራሲን ሥራ ሠርታለች፤ ከዚያ በኋላ የተረት መጽሐፍ ስትከፍት የምታነበው በሌላ ዓይን ነው።

ስለ ትርጉም መጻሕፍት ረዘም አድርጌ ልናገር፣ ገበያው የሞላው በእነርሱ ስለሆነ። የወንጀል ምርመራና የጀብዱ ታሪኮች በዚህ ዕድሜ ልጅን ይዘው የሚያስቀሩ ስለሆኑ አልቃወማቸውም፣ እንዲያውም ለሰነፍ አንባቢ ከሁሉ የተሻሉ ናቸው፤ ነገር ግን ትርጉሙ የተበላሸ ከሆነ ልጁ ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል። ሻጩ ፊት ቆመው አንድ አንቀጽ ድምፅ አውጥተው ያንብቡ። «እሱ የእሱን እጅ በእሱ ኪስ ውስጥ አስገባ» የሚል ካገኙ ወደ ቦታው ይመልሱት፤ አማርኛ የሚያውቅ ሰው «እጁን ኪሱ ከተተ» ይላል። ዐረፍተ ነገሩ ግሡ ላይ ሳይደርስ ትንፋሽዎ ካለቀም እንዲሁ። ይህ ፈተና ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም፣ በሽፋኑ ሥዕል ከመመራትም ያድናል።

በእንግሊዝኛ ምን ያንብቡ ላሉት፣ 9ኛ ክፍል ሲገቡ የሚማሩበት ቋንቋ እርሱ ስለሆነ ጥያቄው ተገቢ ነው። በየትምህርት ቤቱ መደርደሪያ ከውጭ በእርዳታ የመጡ ብዙ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት አሉ፤ አብዛኞቹ ቋንቋው አፍ መፍቻቸው ለሆነ ልጆች የተጻፉ ስለሆኑ ለእኛ ልጆች ቀላል መስለው ይከብዳሉ። የሚፈለገው በቃላት ብዛት ደረጃ ወጥቶለት የተዘጋጀው ነው። ለምሳሌ ኦክስፎርድ ቡክዎርምስ የሚባለው ተከታታይ በጀርባው ወይም በሽፋኑ ላይ ደረጃው ተጽፎበታል፤ ደረጃ 1 በ400 መሠረታዊ ቃላት፣ ደረጃ 2 በ700 የተዘጋጀ ነው። ልጅቱ ከደረጃ 1 ትጀምር፤ «ይቀለኛል» ካለች ሁለት ካነበበች በኋላ ወደ 2 ትሂድ። ልጁ ዘንድሮ በአማርኛው ቢጸና ይበቃዋል።

መምህሩ ስለ አጋዥ መጽሐፍ ያሉት ግማሹ ልክ ነው። የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና እውነት ነው፣ ልጅቱም ለጥያቄ አቀራረቡ መለማመዷ አይጎዳትም። ሆኖም አጋዥ መጽሐፍ በየገጹ ጥያቄና መልስ ስለሆነ አንድ ሐሳብ ተከትሎ ሩቅ የመሄድን ትዕግሥት አያስተምርም፤ ምንባቡ ሲረዝም መልሱን ከመካከል የሚለቅሙ ተማሪዎችን በብዛት ያፈራው ይህ ነው። አንድ አጋዥ፣ ለደካማ ትምህርቷ ብቻ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ጠዋት ይበቃል። የክረምት ንባብ በሚሉት ሰዓት ውስጥ ግን አይግባ፤ ከገባ ልጅ መጽሐፍን ሁሉ ፈተና ያደርገዋል።

ይዘቱን በተመለከተ ለወላጅ የማልሸሽገው ጉዳይ አለ። ፍቅር ያለበትን ታሪክ አልፈራውም፤ የ13 ዓመት ልጅ ስለ ፍቅር የሚያነበው ከመጽሐፍ ቢሆን ከስልክ ይሻላል። የምጠነቀቀው ለጦርነት ታሪክ ነው። በ2014 ዓ.ም. በአካባቢያችን የሆነውን የእርስዎ ልጆች በዓይናቸው ያዩት ወይም የሰሙት ነው፤ በዚያ ጊዜ ብዙ ትምህርት ቤቶች ወንበራቸውንም መጻሕፍታቸውንም አጥተዋል። ዕልቂትን እየዘረዘረ የሚሄድ ልብ ወለድ ለአንዱ ልጅ እፎይታ ሲሆን ለሌላው የእንቅልፍ ጠላት ይሆናል። በመጽሐፉ መካከል ድንገት ዝም ካለ ወይም ማታ መብራት አይጥፋ ካለ መጽሐፉን ያስቀምጡለት፤ «ጀምረሃልና ጨርሰው» የሚለው ሕግ እዚህ አይሠራም።

እንዲያውም ያ ሕግ በክረምት ጨርሶ ቢቀር ደስ ይለኛል። 15 ገጽ አንብቦ ያልጣመውን መጽሐፍ ልጅ እንዲተው ይፈቀድለት፤ ለመተው ግን «ያልጣመኝ በዚህ ምክንያት ነው» ብሎ አንድ ዐረፍተ ነገር ይናገር። ምክንያቱን ሲናገር ማንበቡ ይታወቃል። በልጅዎ ላይም «ምን ተማርህበት?» የሚለውን ጥያቄ ትተው «ሰውየውን የት አደረስኸው?» ይበሉት፤ የመጀመሪያው ጥያቄ ምክር እንዲፈጥር ያስገድደዋል፣ ሁለተኛው ታሪኩን ያናግረዋል።

ስንት መጽሐፍ ይገዛ ለሚለው ሒሳቡን አብረን እንሥራ። ልጅቱ ከመረጠችው መጽሐፍ 10 ደቂቃ ታንብብና ገጹን ይቁጠሩ። 4 ገጽ ካነበበች በቀን 20 ደቂቃ 8 ገጽ ነው፣ በሐምሌና በነሐሴ 60 ቀናት 480 ገጽ፤ ባለ 120 ገጽ አራት መጻሕፍት ማለት ነው። ልጁ በ10 ደቂቃ 2 ገጽ ከሆነ ግማሹን ይደርሳል፤ ለእርሱ ባለ 80 ገጽ ሦስት ይበቃሉ። ይህም ቀን ሳይጎድል ነው፤ ገጠር ሲወርዱ አረሙም ጥበቃውም ይጠብቃቸዋል፣ መድረሳ ወይም የቄስ ትምህርት የሚሄድ ልጅም ረፋዱ የእርሱ አይደለም፣ ፍልሰታውና ቡሄው ሲመጣ ደግሞ ማን መጽሐፍ ይይዛል። ስለዚህ ለሁለቱ አምስት መጻሕፍት በቂ ናቸው፤ አሥር ገዝተው ሰባቱ ሳይነኩ መስከረም ቢጠባ፣ ያልተነበበው ክምር ራሱ ለልጅ ወቀሳ ነው።

ከአምስቱም ሁለቱን ብቻ በአዲስ ይግዙ። አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጡትና ከሚያከራዩት ዘንድ ቀጫጭኖቹ በአነስተኛ ዋጋ ይገኛሉ፣ ትምህርት ቤታቸውም ሰኔ ሳያልቅ ከተጠየቀ በወላጅ ፊርማ ሊያውስ ይችላል። አሮጌ ሲገዙ የገጹን ቁጥር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይግለጡ። መጽሐፍ የሚሰፋው ብዙ ጊዜ ባለ 16 ገጽ ጥራዝ እየሆነ ስለሆነ፣ ሲጎድል የሚጎድለው አንድ ሁለት ቅጠል አይደለም። እኔ ለቤተ መጻሕፍቱ ከአንድ ነጋዴ የገዛሁት የምርመራ ታሪክ የመጨረሻው ጥራዝ ወልቆ ነበር፤ ሳላየው አውሼው፣ ተማሪው ሰኞ ጠዋት በሩ ላይ ቆሞ «ቲቸር፣ ገዳዩ ማነው?» አለኝ። አላወቅሁም። እርሱና ጓደኞቹ ሦስት የተለያየ ፍጻሜ ጽፈው አመጡ፤ አንዱ ገዳዩን የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ አድርጎታል።

የሚገዙትን ሲመርጡ ልጆቹን ይዘዋቸው ይሂዱ። እርስዎ በገጹ ፈተና ያለፉትን አራት አምስት መጻሕፍት ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡ፣ ከእነዚያ ውስጥ የሚወሰደውን ግን እነርሱ ያንሱ። የፊደሉን መጠንም ይዩ፤ ርካሽ እትም ብዙውን ጊዜ ፊደሉ ደቅቆ መስመሩ ተጣብቆ ስለሚወጣ፣ መብራት በሚጠፋበት ምሽት በኩራዝ ወይም በስልክ ብርሃን የሚያነብ ልጅ መስመር ይዘልበታል። ወደ አምባሰል የሚሄዱትን ሁለቱን በላስቲክ ይለብጧቸው፤ የነሐሴ ጭጋግ ሽፋኑን አርጥቦ ጥራዙን ይፈታዋል። የልጅቱን ባዶ ደብተርና ሁለት እርሳስ እዚያው ላስቲክ ውስጥ ይክተቱላት፤ እስክሪብቶ በእርጥብ ወረቀት ላይ ይፈሳል።